ስለ ስድስት ፍሬ ሎፔራማይድ፤ ለመድኃኒት ፈቃድ ኮሚቴው ሰብሳቢ

ለምሥራቅ በር የጭነት አገልግሎት ድርጅት
የሠራተኞች ክሊኒክ የመድኃኒት ፈቃድ ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው
ቦሌ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፤

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎ፣ ወገብዎ፣ ግፊትዎ፣ በተለይም አንጀትዎ እንዴት ሰነበተ? ባለቤቴ ወይዘሮ ሃረገወይን የሰው አንጀት በደብዳቤ አይጠየቅም ብላ ይህን መስመር ልታሰርዘኝ ነበር። እኔ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ለምወደውም ለማከብረውም ሰው የምመኘው ይህንኑ ነው፤ ሲጠሩት የሚመጣ፣ ሳይጠሩት ደግሞ ባለበት ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ አንጀት ይስጥዎ። ዕድሜና ሥልጣን ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ስሜ ገብረዋሕድ ነው። በድርጅታችን የጭነት ሰነድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ኮሚቴዎ የሚያውቀኝ ግን በፋይል ቁጥር 417 ስለሆነ፣ ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን ከወዲሁ በትሕትና አስታውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በክሊኒኩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በድፍረት አይደለም። በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው አምስት ማመልከቻዎች «ከፋይሉ ጋር ተያይዘው» እስከ ዛሬ በሰላም አርፈው ስለሚገኙ፣ ስድስተኛውን ከዚያ ዕረፍት ላድነው ብዬ ነው።

ሰሌዳውን ቆመው ለሚያነቡ ባልደረቦቼ ስል ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ዶክተር ሄርሞን የምትባል ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከትልቁ አንጀቴ መጨረሻ ላይ ካንሰር ቆርጣ አወጣችልኝ። ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆነ ለማየት ሦስት ጊዜ ተመርምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ የለም ተብሎ በቤታችን እልል ተብሏል። ስለዚህ ይህ የሐዘን ደብዳቤ አይደለም። ከሞት ያመለጠ ሰው በክኒን ሲጨቃጨቅ መገኘቱ ራሱ እንደ ትልቅ የደረጃ ዕድገት የሚቆጠር ነው፤ በዚህ አጋጣሚ ስለ ዕድገቱ አመሰግናለሁ።

ሆኖም ተቆርጦ የወጣው ክፍል ለካ ሥራ ነበረው። ዓይነ ምድር እስኪፈቀድለት ድረስ የሚያርፈው እዚያ ነበር። በእኛ ሥራ ቋንቋ ባስረዳዎ፣ መጋዘኑ ፈርሷል፤ አውሮፕላኑ ግን አሁንም በሰዓቱ ያርፋል፤ ጭነቱም ከክንፉ ሥር በቀጥታ ወደ በሩ ነው። ያውም አንድ ጊዜ መጥቶ ቢያበቃ ደግ ነበር፤ በስድስት ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ «የመጨረሻው እኔ ነኝ» እያለ ይመጣል። ዶክተር ሄርሞን ይህ ነገር እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ብዙ ሰዎች ላይ የሚታይ፣ የማያሳፍርና መድኃኒትም ያለው ነው አለችኝ። መድኃኒት አለው ያለችው ከኮሚቴዎ ጋር ከመተዋወቋ በፊት ነው።

በመጀመሪያ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚያብጥ የቃጫ ዱቄት አዘዘችልኝ፤ ትንሽ ጠቀመኝ። ቀጥላ ሎፔራማይድ የሚባለውን ክኒን ጨመረችልኝ። ይህ ክኒን አንጀትን በጨዋ ቋንቋ «ቀስ በል» የሚል ነው፤ ምግብ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ይወሰዳል፤ ለእኔ የታዘዘልኝም ጠዋት ሁለት፣ ከምሳ በፊት አንድ፣ ከእራት በፊት አንድ ነው። ያን ሳምንት ከቦሌ ሚካኤል እስከ ጭነት በሩ ድረስ በሚኒባስ ታክሲ ሄድኩ። በመሐል አልወረድኩም። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ባለ ቁጥር፣ ማንም ሳይቀድመኝ፣ በኩራት «የለም» የምለው እኔ ነበርኩ፤ በመጨረሻም አንዲት ወራጅ እናት በእኔ የተነሣ ሁለት ፌርማታ አልፈው እንደ ወረዱ ተረድቼ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

ክኒኑ በከተማው ፋርማሲዎች አንድ ሳምንት ቢገኝ ሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ ሲገኝም የድርጅታችን የጥበቃ መመሪያ ከውጭ የተገዛ ክኒን በጭነት በር እንዳያልፍ ይከለክላል፤ የሚያልፈው ከክሊኒካችን በማኅተም የወጣ ብቻ ነው። የእኔና የእርስዎ ትውውቅ የጀመረው እንዲህ ነው። አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የሰነድ ክፍል ሰው ነኝና ያለ ተራ ቁጥር ማልቀስም አልችልም።

አንደኛ፤ ስለ ልግስናዎ።

የክሊኒኩ የመድኃኒት ዝርዝር ሎፔራማይድን «ለድንገተኛ ተቅማጥ፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን» ስለሚለው፣ ኮሚቴዎ በየአምስት ቀኑ ስድስት ፍሬ ብቻ እንዲሰጠኝ ወስኗል። በቀን አራት ለታዘዘለት ሰው ስድስት ፍሬ የአንድ ቀን ተኩል ነው። በመሆኑም በአምስት ቀን ውስጥ አንድ ቀን ተኩል ያህል የሠለጠነ ሰው እሆናለሁ፤ በቀረው ጊዜ ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ያለውን መጸዳጃ ቤት ሁሉ በበር ጠባቂው ስም አውቃለሁ።

ክኒኑን ለመቀበል በሄድኩ ቁጥር የሚሞላ ቅጽ አለ። «ተቅማጡ መቼ ጀመረ?» ይላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዬ ሞላሁ። «በሽታው ከመጀመሩ በፊት ወደ ሆድዎ የገባ አጠራጣሪ ነገር ካለ ይግለጹ» ይላል፤ የሐኪም ቢላዋ ብዬ ሞላሁ። ይህንን መልስ ከሰጠሁ በኋላ ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምር በራሪ ወረቀት ተሰጠኝ። በቅን ልቦና የተሰጠ መሆኑን ስለማምን አንብቤዋለሁ። ዛሬ ሃያ ሦስተኛውን ተቀብያለሁ። እጄ በአሁኑ ወቅት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ካሉት እጆች ሁሉ የጸዳ ሳይሆን አይቀርም፤ በአንጀቴ በኩል ግን የተሰማ ለውጥ የለም።

ሁለተኛ፤ ስለ እርግዝናዬ።

ሎፔራማይዱ ብቻውን ባልበቃባቸው ሳምንታት ዶክተር ሄርሞን ኦንዳንሴትሮን የሚባል ሌላ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ይህ መድኃኒት በዋናነት የሚታወቀው ማስመለስን በማቆም ቢሆንም፣ አንጀትንም የማዘግየት ባሕርይ ስላለው፣ እንደ እኔ ላሉ ሰዎች እየተሞከረ ጥቅም እየታየበት ነው ብላ አስረድታኝ፣ ለእናንተም ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፋለች። ኮሚቴው ሁለቱን ገጽ በአንድ መስመር መለሰ፤ «ታካሚው ማስመለሱ በማስረጃ አልተረጋገጠም።»

ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚቀርብ ለመጠየቅ ወደ መዝገብ ክፍል ስሄድ፣ መጀመሪያ የመድኃኒቱን ልዩ ቅጽ እንድሞላ ተነገረኝ። በቅጹ ላይ «የእርግዝና ወር» የሚል ሣጥን አለ። ባዶ ተውኩት፤ ያልተሟላ ተብሎ ተመለሰ። ዜሮ ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ ዜሮ አይቀበልም ተባለ። መዝጋቢዋም ለሥራው እንዲመች ብቻ አንድ ቁጥር ብጽፍ እንደሚሻል በእኅትነት መከረችኝ፤ እኔም ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴን በማይመጥን መታዘዝ «1» ብዬ ጻፍኩ። ኦንዳንሴትሮኑ ተከለከለ። በማግስቱ ግን ለቤተሰብ በተመዘገበው ስልክ ላይ፣ ማለትም በወይዘሮ ሃረገወይን ስልክ ላይ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ የነፍሰ ጡር ክትትልዎን ይጀምሩ የሚል መልእክት ደረሰ። መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያም የማን ነው ብላ ጠየቀችኝ።

በሳምንቱ የሦስት ወር የብረት እንክብል፣ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ፊርማ፣ በአንድ ጊዜ ተሰጠኝ። ዶክተር ሄርሞንን ይበልጥ የገረማት፣ ይህ የብረት እንክብል በብዙ ሰው ላይ ሆድ የማድረቅ ባሕርይ ያለው መሆኑ ነው። ኮሚቴው አውቆ የከለከለኝን ሳያውቅ ሊሰጠኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። አይውሰዱት ስላለችኝ መልሼ አስረክቤያለሁ፤ የርክክብ ደረሰኙ ላይ በእናትነት ተርታ ፈርሜያለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ጀግንነቴ።

ኮሚቴው ባለጉዳይ የሚሰማው በየወሩ ሁለተኛ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ በአራተኛ ፎቅ ነው። ተራውን የለቀቀ ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። የአራተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ለኮሚቴው ክብር ሲባል ተቆልፏል፤ ቁልፉ ምድር ቤት ንብረት ክፍል ነው፤ የሚሰጠውም መታወቂያ አስይዞ ነው። መታወቂያ ደግሞ ወደ ስብሰባው ሲገባ ለጥበቃው ይሰጣል። ይህን አሠራር ያወጣው ሰው አንጀት አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ሙሉ አንጀት እንደነበረው ግን መገመት አያዳግትም።

ሦስት ወር ሦስት ጊዜ ተሰልፌ፣ ሦስቱንም ጊዜ «417» ተብሎ ሊጠራ አንድ ሰው ሲቀረው ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ይህንን ሲመዘግብ «ባለጉዳዩ ስብሰባውን በተቃውሞ ረግጦ ወጥቷል» አለ። ወሬው በመጋዘኖቹ ተሰማ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አለቃን ቀና ብዬ አይቼ የማላውቅ ሰው፣ በሠራተኛ ማኅበሩ ምርጫ ሳልወዳደር አርባ አንድ ድምፅ አገኘሁ። በመተላለፊያው የማላውቃቸው ወጣቶች እጄን ይጨብጡኝ ጀመር። አንዱማ፣ ሦስተኛውን ጊዜ ረግጬ ስወጣ ያየብኝን ፍጥነት በሕይወቱ እንደማይረሳ ነግሮኛል። ስለዚህ ዝና ኮሚቴውን አመሰግናለሁ፤ እጄም ንጹሕ ስለሆነ ለመጨባበጥ አልተቸገርኩም።

አራተኛ፤ ስለ እሑዱ ጉዳይ።

ይህኛው ረዘም ይላል። ደስታም ስላለበት ይታገሱኛል ብዬ አምናለሁ፤ ባይታገሡኝም ከዚህ ወዲያ እርስዎ የኔ ነዎት።

ቂርቆስ የክርስትና ልጄ ነው። አባቱ የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ ካረፈ ስምንት ዓመቱ ነው። ልጁ በቦሌ ለሚ የልብስ ፋብሪካ በንድፍ ሥራ የምትተዳደር ማራናታ የምትባል ወጣት ወደደ። እርሷም ወደደችው፤ ሁለቱ ከተስማሙ አንድ ዓመት አልፏቸዋል። የቀረው ሽማግሌ ልኮ ወላጆቿን መጠየቅ ነው። ቂርቆስ ጋሼ ገብረዋሕድ ካልመራ አይሆንም አለ፤ ከእኔ ጋር አጎቱ አቶ ተስፉና የቦሌ ሚካኤሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ጎረቤታችን አቶ ኑሪ ተመረጡ። ሽማግሌ እንደሚያውቁት ቆሞ ነው የሚለምነው፤ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም። አቶ ተስፉ ሥርዓት አዋቂ ናቸውና፣ በመሐል አንዱ ሽማግሌ ጥሎ ከወጣ ልመናው እንደ ፈረሰ እንደሚቆጠር አስቀድመው አስጠነቀቁን። ይህን ሲናገሩ ወደ እኔ ነበር የሚያዩት።

ረቡዕ ዕለት ስድስት ፍሬዬን ተቀበልኩ። አራቱን ለሐሙስ ሥራ አውዬ፣ ሁለቱን ለእሑድ በመሐረብ ቋጠርኳቸው፤ ዓርብና ቅዳሜን ከቤት ሳልወጣ፣ ለአንጀቴ ሙሉ ነፃነት ሰጥቼ አሳለፍኩ። ሃረገወይን አምስት ፋርማሲ ዞራ፣ አምስቱም ሰኞ ይገባል አሏት። እሑድ ማለዳ ሁለቱን ዋጥኩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ዳቦ በሻይ ቀማመስኩ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ገርጂ ከሚገኝ አንድ ግቢ ደረስን።

ረጅም፣ መነጽር ያደረጉ፣ ፊታቸው እንደ ማኅተም የጠበቀ አባወራ ተቀበሉን። እኚያ አባወራ፣ ሰሌዳውን የምታነቡ ባልደረቦቼ ልብ በሉ፣ አቶ ኤርሳዶ፣ ማለትም ይህ ደብዳቤ የተጻፈላቸው ክቡር ሰብሳቢ ነበሩ። እኔ አላወቅኩዎትም፤ እርስዎም አላወቁኝም። ሦስት ጊዜ በርዎ ደርሼ ሦስቱንም ጊዜ ፊትዎን ሳላይ ወርጃለሁ፤ ፊርማዎም ከስምዎ አንድ ፊደል አይታይበትም። ቂርቆስ ስለ ወደፊት አማቹ የነገረኝ ኤርፖርት አካባቢ እንደሚሠሩ ብቻ ነው፤ ቦሌ ውስጥ ይህ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ቆምን። አቶ ተስፉ ጉዳያችንን ሊከፍቱ ሲሉ፣ እርስዎ በዚህ ቤት ከነገር በፊት ጸሎት ይቀድማል አሉ። እኛም አሜን ብለን ራሳችንን ዝቅ አደረግን። ክቡር ሆይ፣ ጸሎትዎ ያማረ ነበር። ከፍጥረት ጀመሩ። ከጥፋት ውኃው ስንደርስ እኔ ገና ደህና ነበርኩ። ባሕር ሲከፈል ግን የኔም ነገር ሊከፈል ተቃረበ። በበረሃው ጉዞ ለአርባ ዓመት በአንድ እግሬ ቆምኩ። ለመሪዎች፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኮችና ለዝናቡ መጸለይ ሲጀምሩ፣ አቶ ኑሪ ላቤን አይተው፣ በእምነት ባንገናኝም፣ ስለ እኔ ብለው «አሜን» የሚለውን ያለ ቦታው ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ሞከሩ። አልሠራም።

ጸሎቱ ሲያበቃ ተራው የእኔ ነበር። የሁለቱን ቤተሰብ ትውልድ፣ የልጁን ጠባይ፣ የጋብቻን ክብር የያዘ የአሥራ አንድ ደቂቃ ንግግር በቃሌ አጥንቼ ነበር። ከዚያ ሁሉ የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው፤

«ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን፣ ለእኔ ደግሞ መጸዳጃ ቤታችሁን እንድታሳዩኝ ቆመን እንለምናለን።»

አቶ ተስፉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከውስጠኛው ክፍል፣ ሙሽራ ተደብቃ ከምታዳምጥበት፣ አንድ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። እርስዎ ግን ማኅተም የመሰለ ፊትዎን ሳያንቀሳቅሱ፣ ለሁለተኛው ጥያቄ በግራ በኩል ያለው በር መሆኑን፣ ለመጀመሪያው ስመለስ እንደምንነጋገር አስታወቁኝ። ሮጥኩ።

እኔ በሌለሁበት የሆነውን አቶ ኑሪ ነግረውኛል። አቶ ተስፉ፣ ሽማግሌው ጥሎ ስለ ወጣ ልመናው ፈርሷል፣ ሌላ እሑድ እንመለስ ብለው ሊሰናበቱ ፈለጉ። እርስዎም መነጽርዎን አስተካክለው፣ ሰውዬው ክፍሉን እንጂ ቤቱን አልለቀቀም፤ ቤቱን እስካልለቀቀ ድረስ እንደ ቆመ ይቆጠራል ብለው ወሰኑ። ክቡር ሰብሳቢ፣ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ፍርዶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ይኸው ሕግ አራት ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ካለው አራተኛ ፎቅ ለምን እንዳልደረሰ ግን አሁንም አጥብቄ እያሰብኩበት ነው። እነዚያን ሐሙሶችም ቁልፍ ፍለጋ ምድር ቤት ወረድኩ እንጂ ከሕንፃው ወጥቼ አላውቅም ነበር።

ስመለስ ሰጡን። ባለቤትዎ ወይዘሮዋ እልል አሉ፤ ማራናታም ዓይኗን በሳቅ አርሳ ወጣች፤ ተቀመጥን፤ ምግብ ቀረበ። እኔ አልበላም። ለምን አይበሉም ብለው ጠየቁኝ። ቀዶ ሕክምናዬን፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚወሰደውን ክኒን፣ ስድስት ፍሬ የሚቆጥርብኝን የመሥሪያ ቤቴን ኮሚቴ አጫወትኩዎ። ኮሚቴውን በምን ቃላት እንደ ገለጽኩት እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ አይደለም።

ማንኪያዎን አስቀመጡ።

«የፋይል ቁጥርዎ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አራት መቶ አሥራ ሰባት።»

እውነቱን መናገር ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ቅጽ የማይጠይቀውን ጠየቁኝ። መቼ እንደሚብስብኝ፣ ምን እንደሚያባብሰው፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደማገኝ፣ በሥራ ላይ እንዴት እንደምቆይ። 417 ማለት ያገኘውን እየበላ ኮሚቴውን የሚያስቸግርና ስብሰባ ረግጦ የሚወጣ ኃይለኛ ሰው ይመስልዎት እንደነበር፣ የዶክተሯንም ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ እንዳላዩት ነገሩኝ። ውሳኔው ስሕተት እንደሆነ አምነው ከደረት ኪስዎ ብዕር አወጡ። ብዕሩን ለጥቂት ጊዜ በአየር ላይ ይዘው ቆዩና መልሰው ኪስዎ ከተቱት።

«ልጄን ሰጥቻችኋለሁ፤ ክኒኑን ግን ደንቡ አይፈቅድልኝም።»

አምስተኛ፤ ስለ ዝምድናችን።

በደንቡ አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት፣ የኮሚቴ አባል በሥጋም ሆነ በጋብቻ ለሚዛመደው ባለጉዳይ መወሰን አይችልም። ሁለተኛው አባል ለሥልጠና ውጭ አገር ናቸው፤ ሦስተኛዋ ሲስተር የሺአረግ ብቻቸውን ምልዓተ ጉባኤ አይሆኑም። ስለዚህ ዝምድናችን እስኪያበቃ ድረስ ማንም ሊፈርምልኝ አይችልም፤ ዝምድናችን ደግሞ በእግዚአብሔር ፈቃድ እስከ ልጅ ልጅ የሚዘልቅ ነው።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም። እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ድረስ እኔና እርስዎ ፍጹም ባዕዳን ነበርን፤ ሊፈርሙልኝ ይችሉ ነበር። ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ መጀመሪያ ልጅ ጠየቅሁ። ክኒን የሚፈልግ ሰው ወደ ሰው ቤት ሲሄድ መጀመሪያ ክኒኑን፣ ቀጥሎ መጸዳጃ ቤቱን፣ በመጨረሻ ልጅቷን መጠየቅ እንዳለበት ለወደፊት ሽማግሌዎች ትምህርት ይሁን።

የክርስትና አባት ዘመድ ነው ወይ ብዬ ተከራክሬዎት ነበር። በእርስዎ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና አባት የሚባል ነገር እንደሌለ ራስዎ ነግረውኛል። እምነትዎ የማያውቀውን ዝምድና ደንቡ አክብሮ ስለተቀበለው ልቤ ተነክቷል፤ የሃይማኖቶች መቀራረብ በአንቀጽ አሥራ አራት በኩል ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ማራናታ ግን እንደ እኛ ተስፋ የምትቆርጥ አይደለችም። ሳሕኑን እያነሣች፣ እንደ ዋዛ፣ «አባ፣ ሐሙስ ጠዋት ከቂርቆስ ጋር እንጣላለን፤ አንተ ትፈርማለህ፤ ከምሳ በኋላ እንታረቃለን» አለችዎ። ቂርቆስ ለግማሽ ቀን ቢሆንም ደነገጠ። አቶ ኑሪ የመለያየቱን ደብዳቤ ሱቃቸው ባለው ማተሚያ በነፃ እንደሚያትሙት ቃል ገቡ። አቶ ተስፉም መታረቂያው ሌላ ሽማግሌ ሊያስፈልገው እንደሚችል፣ እርሳቸው ግን ከእኔ ጋር ዳግመኛ እንደማይቆሙ አሳሰቡ። እርስዎ ብቻ አልሳቁም። ሐሳቡ በጽሑፍ ቢቀርብ ኮሚቴው ሊመለከተው ይችል እንደሆነ ሲያሰሉ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ነው የወደድኩዎት፤ እንዲህ ያለ ሰው ከተፈረመለት መድኃኒት የበለጠ ያስተማምናል፤ የሚያሳዝነው አንጀቴ ይህን አለመረዳቱ ነው።

ከእንግዲህ ለራሴ አልለምንም። ዘመድ ነኝ፤ አፌ ተይዟል። ነገር ግን ደረጃውን በምወርድባቸው ሐሙሶች ቁልፍ ፍለጋ የሚሮጠው እኔ ብቻ አልነበርኩም። የጭነት ማንሻው የፎርክሊፍት ሹፌር አቶ ሙራድ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድሞ ያው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። አንድ ቀን ምድር ቤት ላይ ለአንዱ ቁልፍ ሁለታችን ደርሰን፣ «አንተ ቅደም»፣ «የለም፣ አንተ ቅደም» ስንባባል ሁለታችንም ዘግይተናል። ከዚያ ወዲህ ፎርክሊፍት ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ በመካከል መውረድ ስለማይቻል ጽዳት ክፍል ተመድቧል። የሃያ ዓመት ሹፌር፣ ስድስት ክኒን እየተቆጠረለት፣ መጥረጊያ ይዟል። እርሱ ልጅዎን አልጠየቀም። በአንቀጽ አሥራ አራት አያግድዎትም። ለእርሱ ይፈርሙለት።

ደግሞም የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ የማንንም ዝምድና ሳይነኩ፣ ከዝርዝሩ ላይ «ለድንገተኛ ተቅማጥ» ከሚለው ቀጥሎ «ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላም በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ እርሱም፣ እኔም፣ ከእኛ በኋላ የሚቆረጠውም ሁሉ ያለ ሽማግሌ እንኖራለን። አንድ መስመር ነው። ከጸሎትዎ አንድ መቶኛ አይሞላም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ልጅዎን በአንድ ጠዋት፣ ያለ ቅጽ፣ ያለ ተራ ቁጥር፣ ያለ ማስረጃ ለሰጡበት ቸርነት፣ ስድስቱን ክኒን በአምስት ቀን ለሚከፍሉበት ጥንቃቄ፣ ለሃያ ሦስቱ በራሪ ወረቀቶች፣ ላልወለድኩት ልጅ ላደረጉት ክትትል፣ በግራ በኩል ላለው በር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቤትዎ ይባረክ፤ ብዕርዎ ከኪስዎ ይውጣ፤ እግዚአብሔር የሚሰጥዎትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይስጥዎ እንጂ በየአምስት ቀኑ አይክፈልብዎ።

የሰጡትን የማይረሳ፣ የከለከሉትንም የማይረሳ አማችዎ፣
ገብረዋሕድ፣ በእናንተ አጠራር 417
ቦሌ ሚካኤል

ግልባጭ፦ ለዶክተር ሄርሞን፣ ለሲስተር የሺአረግ፣ ለአቶ ሙራድ

ማሳሰቢያ፦ የሠርጉ መርሐ ግብር ትናንት ደርሶኛል። ከሙሽሮቹ ጎን ባለው የወላጆች ሶፋ ላይ፣ በእርስዎና በወይዘሮዋ መካከል፣ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ ተቀምጬ እንድቆይ ተመድቤያለሁ። ሶፋው ነጭ ቬልቬት ነው። ከነንጽሕናው እንደሚመለስ ለአከራዩ የፈረሙት እርስዎ እንደሆኑም ሰምቻለሁ፤ ለካ መፈረም ይችላሉ።